ሳሙና በበረንዳችሁ ሠርታችሁ ለሰፈር ለመሸጥ

የመጀመሪያ ሳሙናዬን የሠራሁት በቡና ሲኒ እየለካሁ ነው። ያየሁት ቪዲዮ "ይህን ያህል ኩባያ ዘይት፣ ይህን ያህል ኩባያ ኮስቲክ" ይላል። እኔም ሲኒ አነሳሁና ቀጠልኩ። ሲወጣ ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፤ ለእህቴ ፎቶ ሁሉ ልኬላት ነበር። በማግስቱ ቢላ ሳሳርፍበት እንደ ኖራ ተፈረካከሰ። እጄን ልታጠብበት ስሞክር ደግሞ ሚጥሚጣ የነካሁ መሰለኝ። ኮስቲኩ፣ ማለትም ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኃይለኛ ኬሚካል፣ በዝቶ ነበር። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን ሁለት ሊትር ሙሉ ደፋሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የምጽፈው በኪሳራ የተማርኩትን ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራውም እዚያው በረንዳዬ ላይ። አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ያላችሁ ሰዎችም ነገሩ አንድ ነው፦ ቤቱ ጠባብ፣ ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ እንደፈለገ፣ መርካቶ ደግሞ ሩቅ። ሳሙና መሥራቱ ከባድ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ በትክክል መመዘንና ሳይቸኩሉ መጠበቅ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው።

የትኛውን ሳሙና ነው?

ከተማ ውስጥ "የሳሙና ሥልጠና" ተብሎ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የፈሳሽ ሳሙና ነው። ሰልፎኒክ አሲድ፣ ቴክሳፖን፣ ጨው፣ ቀለም ይደባለቅና በጀሪካን ይሸጣል፤ ላርጎ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ዲተርጀንት ነው። እኔ የማወራው ስለ ጠጣሩ የገላና የእጅ ሳሙና ነው። ይሄኛው ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ከዘይት ወይም ከስብ፣ ከኮስቲክ ሶዳ እና ከውሃ። ኮስቲኩ ዘይቱን ይሰብረዋል፣ ከውስጡ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣል። በትክክል ከተመዘነ በመጨረሻው ሳሙና ውስጥ ኮስቲክ የሚባል ነገር አይቀርም፣ በሙሉ ተበልቶ ያልቃል። ሰው "ኮስቲክ አለው እንዴ?" ብሎ ሲደነግጥ የምመልሰው ይህንን ነው።

አያቶቻችን ያለ ኮስቲክም ያጥቡ ነበር፣ በእንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጆቹ አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቢልሃርዚያ ምርምራቸው ከዚያ ተነሳ። እንዶድ ግን ከነነፍሱ ሳሙና ነው እንጂ የሳሙና ጥሬ ዕቃ አይደለም። "እንዶድ ጨምሬበት" ብላችሁ ገላ ሳሙና ውስጥ አትክተቱት፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አይምርም።

ኮስቲክ ሶዳ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የሚገዛው መርካቶ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ነው። ከትልቅ ጆንያ እየቀነሱ በፌስታል ይመዝኑላችኋል። በፌስታል ይዛችሁ ታክሲ አትግቡ። ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ስትገዙ ንጥረቱን ጠይቁ፣ 98 ወይም 99 በመቶ የሆነውን ነው የምትፈልጉት። እርስ በርሱ ተጣብቆ ጓል የሠራ ከሆነ አትውሰዱ፣ ከአየር ላይ እርጥበት ጠጥቶ ደክሟል፤ በእሱ ብትመዝኑ ስሌታችሁ ይዛባል። የቱቦ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠውንም ተዉት፣ አንዳንዱ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው።

ኮስቲክ ስኳርና ጨው ይመስላል። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደግሞ ውሃ ይመስላል። በምንም ተአምር በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ፣ ተቆልፎ፣ በላዩ ላይ በትልቁ "መርዝ" ተብሎ ተጽፎ።

አሁን ደግሞ ድስት። ቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ድስቱም ይበሳል፣ ሳሙናውም ይበላሻል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ብቻ። ማማሰያችሁም እንደዚያው። የሳሙናው ዕቃ ለሳሙና ብቻ ይሁን፣ ወጥ ቤት አይመለስ።

የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ። "ለአንድ ጊዜ ነው" ብላችሁ መነጽሩን አትተዉት።

ሌላው የእኛ ሰፈር ጉዳይ ውሃ ነው። ኮስቲኩን ከመክፈታችሁ በፊት 20 ሊትር ንጹህ ውሃ በጀሪካን ሞልታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቆዳችሁ ላይ ቢፈናጠቅ ወዲያውኑ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ታጠቡ። ያን ጊዜ ቧንቧ ከፍታችሁ "ሽሽሽ" ብሎ አየር ብቻ ቢወጣስ? የዓይን ከሆነ ታጥባችሁ ሳትቆዩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ቁስሉ ላይ ሎሚም ኮምጣጤም አትቀቡ፣ ማጠቢያው ውሃ ነው። ኮምጣጤ ወለልና ጠረጴዛ ለማጽዳት ይጠቅማል፣ ለሰው አይደለም። የዋጠ ሰው ካለ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ አፉን አጉመጥምጣችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ዘይቱን መምረጥ

እያንዳንዱ ዘይት ባሕርይ አለው። የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም ፓልም፣ ሳሙናውን ያጠነክራል፣ ቶሎ አያልቅም። ኮኮናት አረፋ ይሰጣል፣ ግን ከበዛ ቆዳ ያደርቃል፣ ኪስም ያደርቃል። የሱፍ ዘይት ያለሰልሳል። የጉሎ ዘይት በትንሹ፣ ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢገባ አረፋውን ያወፍረዋል።

ኑግስ? የአገራችን ነው፣ እኔም በጣም ነበር የጓጓሁት። ግን ኑግ ሲበዛ ሳሙናው ልል ይሆናል፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣና የቆየ ዘይት ይሸታል። ከ5 በመቶ አታሳልፉት።

ሞራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የበሬ ሞራ ግሩም ሳሙና ይወጣዋል፤ ጠንካራ፣ ነጭ፣ አረፋው ክሬም የመሰለ። ከሥጋ ቤት በቅናሽ ይገኛል፣ በጾም ወራት ካልሆነ በስተቀር። ትቆራርጡታላችሁ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ጨምራችሁ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ታደርጋላችሁ፣ በነጠላ ቁራጭ ታጠልሉታላችሁ፣ ሲበርድ ከላይ የረጋውን አንስታችሁ ከታች ያለውን ውሃ ትደፋላችሁ። ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚደገመው። ጎረቤት መጀመሪያ "ማን ነው ጥብስ የሚጠብሰው?" ይላል፣ በኋላ ግን አይስቅም። ሞራ ከገባበት ለገዢ ንገሩ። በጾም የእንስሳት ስብ መንካት የማይፈልግ ደንበኛ አለ፣ የከብቱን አስተራረድ የሚጠይቅ ደንበኛም አለ። ሁለቱም መብታቸው ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ከሞራ ውጭ ነው። የምሠራበት መነሻ ይኸውና፦

የሚረጋ ዘይት 600 ግራም
የኮኮናት ዘይት 250 ግራም
የሱፍ ዘይት 150 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 143 ግራም
ውሃ 300 ግራም
የጠጅ ሳር ዘይት 15 ግራም (ከፈለጋችሁ)

ሁሉም በግራም ነው። ውሃውም፣ ዘይቱም። በሊትር አይደለም፤ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይመዝንም፣ ያንሳል።

143 ከየት መጣ?

እዚህ ጋ አትዝለሉ። ነገ ኮኮናት ጠፍቶ ሌላ ዘይት ልትተኩ ስትሉ የሚያድናችሁ ይህ ነው።

አንድ ግራም ዘይት ወደ ሳሙና ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኮስቲክ ከዘይት ዘይት ይለያያል። ለፓልም 0.142፣ ለኮኮናት 0.183፣ ለሱፍ 0.135፣ ለኑግም ወደ 0.135፣ ለጉሎ 0.128፣ ለበሬ ሞራ 0.140 ግራም ገደማ ነው። እናባዛ። 600 በ0.142 ሲባዛ 85.2፣ 250 በ0.183 ሲባዛ 45.75፣ 150 በ0.135 ሲባዛ 20.25። ድምሩ 151.2 ግራም። ይህ ዘይቱን አንድም ሳያስቀር የሚበላ ኮስቲክ ነው። እኛ ግን ጥቂት ዘይት ሳይበላ እንዲቀር እንፈልጋለን፣ ለቆዳም ይለሰልሳል፣ የሚዛን ስህተት ቢኖርም መጠባበቂያ ይሆናል። ስለዚህ 5 በመቶ እንቀንሳለን፣ 151.2 በ0.95 ሲባዛ 143.6። ወደ ታች አጠጋግተን 143። ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የምናጠጋጋው።

ለምሳሌ በአንድ ኪሎ ንጹህ የበሬ ሞራ ብቻ ብትሠሩ፣ 1000 በ0.140፣ ሲቀነስለት 133 ግራም ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ሒሳቡ። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ሚዛኑ አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ይሁን። ትክክለኛነቱን ለማየት ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ጨው ጫኑበት። የመጠባበቂያ ባትሪ ይኑራችሁ፤ ባትሪው እየደከመ ሲመጣ ቁጥሩ መዋዠቅ ይጀምራል፣ እናንተም የምታዩትን ታምናላችሁ።

ውሃውን በተመለከተ፦ የጉድጓድ ውሃ በሚደርሰው ሰፈር ያላችሁ፣ ጀበናችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ያ ውሃ ለሳሙና አይሆንም፣ አረፋ ይገድላል። የታሸገ ውሃ ወይም በመኪና ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ተጠቀሙ። ብቻ ስትገዙ አስተውሉ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል።

የሥራው ቀን

ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ጠዋት ጀምሩ። ስልክ አስቀምጡ። ሁሉንም መዝናችሁ፣ ደርድራችሁ፣ ቅርጹን አዘጋጅታችሁ ነው ኮስቲክ የሚከፈተው።

ቅርጽ ለመግዛት አትቸኩሉ። የአንድ ሊትር ጭማቂ ወይም ወተት ካርቶን ታጥቦ ከላይ ቢቆረጥ ይሆናል፣ ለዚህ ልክ አንድ ተኩል ያህሉ ይበቃል። በኋላ አናጢ ቤት ሄዳችሁ ውስጡ 24 በ9 በ6.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ብታሠሩ ከላይ የሰጠሁት ልክ በትክክል ይገባበታል። ውስጡን የኬክ ወረቀት አልብሱት።

ውሃውን መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ አድርጉ። ከዚያ ኮስቲኩን ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ ነስንሱ፣ እያማሰላችሁ። ኮስቲክ ወደ ውሃ ነው፤ ውሃ ወደ ኮስቲክ ከሆነ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። እሳት ሳይነካው በራሱ ይጋላል፣ ለመፍላት እስኪቃረብ ድረስ። የሚወጣው እንፋሎት ጉሮሮ ይቆርጣል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ። ሙሉ ለሙሉ ሲጠራ ክዳን ደፍታችሁ እንዲበርድ ተዉት።

ዘይቶቹን በዝቅተኛ እሳት አቅልጡ። ዘይቱም የኮስቲኩ ውሃም እጅ ሲያስጠጉት ለብ የሚል ሙቀት፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲደርሱ ነው የሚገናኙት። የአባዶ ጠዋት ብርድ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ዘይቱ ከዚያ በታች ከበረደ ፓልሙ መርጋት ይጀምርና "ያዘልኝ" ብላችሁ ትታለላላችሁ። ሳሙና ሆኖ ሳይሆን በርዶ ነው የወፈረው።

የኮስቲኩን ውሃ ዘይቱ ላይ በቀጭኑ አፍስሱ። በእጅ ብሌንደር አሥር ሰከንድ ታማስላላችሁ፣ ታጠፉትና በእጅ ታዞራላችሁ፣ እንደገና አሥር ሰከንድ። የብሌንደሩ ራስ ሁልጊዜ ፈሳሹ ውስጥ ጠልቆ ይሁን፣ ከወጣ ይረጫል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀጭን አጥሚት ይመስላል። ማንኪያ አንስታችሁ ብታንጠባጥቡ ጠብታው ሳይሰምጥ ከላይ መስመር ሠርቶ ይቆያል። ደርሷል ማለት ያ ነው። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ አትደንግጡ፣ በእጅ አማስሉ፤ እኔ አንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ክንዴ እስኪዝል አማስዬ ደርሷል። ብቻ ትታችሁት አትሂዱ።

መዓዛ የሚገባው አሁን ነው። የጠጅ ሳር ዘይት ወይም የባህር ዛፍ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል፣ ለአንድ ኪሎ ዘይት 15 ግራም ይበቃል። የሚረጨውን ሽቶ አትጨምሩ፣ አልኮሉ ሳሙናውን ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ያደርገዋል። በደንብ የደቀቀ ቡና አንድ ማንኪያ፣ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ሁሉም ይሞከራሉ። ሽፈራው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከወር በኋላ ቡናማ ይሆናል፣ እንዳትገረሙ። ማር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይለፍ፣ ውስጡን ያግለዋል።

ቅርጹ ውስጥ ገልብጡ፣ ሁለት ሦስቴ ጠረጴዛው ላይ ነካ ነካ አድርጉት፣ አየሩ ይውጣ። ካርቶን ከላይ ደፍታችሁ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። ለአንድ ቀን አይከፈት።

መቁረጥ፣ ማድረቅ፣ መጠበቅ

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ጓንት አድርጋችሁ አውጡና ቁረጡ። የፈረንጅ አይብ ያህል ሲጠነክር ነው ጊዜው። በማስመሪያ ልኩ፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ገበያ ላይ ሰው ወፍራሙን ብቻ መርጦ ይሄድባችኋል። ከላይ ካለው ልክ 110 ግራም ገደማ የሆኑ 13 ሳሙናዎች ይወጣሉ፣ ሲደርቁ ወደ 100 ግራም ይጠጋሉ።

ለማድረቅ ሰፌድ ላይ ወረቀት አንጥፉና አፈራርቃችሁ ደርድሩ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ። ፀሐይ አይንካቸው። ከበርበሬና ከቅቤ ይራቁ፣ ሽታ ይወስዳሉ። አይጥ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ቀልድ አይደለም፣ የሞራ ሳሙና ይበላሉ፤ አንድ ጠዋት ዳር ዳሩ በጥርስ የተከረከመ ሳሙና አግኝቻለሁ።

ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። በክረምት ስድስት፣ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በየሳምንቱ አንዱን መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ቶሎ ብታወጡት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሟሙቶ በሳምንት ያልቃል፣ ገዢውም "የእጅ ሥራ ሳሙና ውሃ ነው" ብሎ ለሰፈሩ ያወራል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው።

ደህና መሆኑን ማወቅ

ከሁለት ቀን በኋላ ጣታችሁን አርጥባችሁ ሳሙናው ላይ አሹትና ጣቱን በምላስ ጫፍ ነካ አድርጉት። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ልጅ እያለን ባለ አራት ማዕዘኑን የሬዲዮ ድንጋይ በምላስ ስንነካ የሚሰማን ዓይነት ንዝረት ካለው ኮስቲክ አለበት። ሳምንት ጠብቁና ድገሙት። አሁንም ከነዘረ አይሸጥም። የፒኤች ወረቀት (ከ7 በላይ ሲሆን ወደ ኮስቲክ ማድላቱን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት) ካገኛችሁ ከ9 እስከ 10 መሆኑ የተለመደ ነው፣ ሳሙና በተፈጥሮው 7 አይሆንም።

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ቢወጣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው፣ ይጠረጋል፣ ችግር የለውም። ውስጡ ፈሳሽ የያዘ ኪስ ካለ ግን አትሽጡት፣ ያ በደንብ አልተማሰለም። ከላይ ዘይት ቢንሳፈፍ ቀድማችሁ ነው የገለበጣችሁት።

ደብተር ያዙ። ቁጥር፣ ቀን፣ የእያንዳንዱ ነገር ግራም፣ የገዛችሁበት ዋጋ፣ የተፈጠረው ነገር። ተራ ደብተር። በኋላ ለምን እንዳልኩ ትረዳላችሁ።

ዋጋ

ብዙዎቻችን የዘይቱን ዋጋ ብቻ እናስብና "አተረፍኩ" እንላለን። ከመገናኛ መርካቶ ደርሶ መልስ ታክሲው፣ ከሰሉ ወይም መብራቱ፣ ጓንቱ፣ ወረቀቱ፣ ለሙከራ የሄደው አንድ ሳሙና፣ የእናንተ ግማሽ ቀን። ሁሉንም ደምሩ። እንበልና ድምሩ 1,300 ብር መጣ፣ 13 ሳሙና ወጣ፤ አንዱ በ100 ብር ነው የወጣው። አንዱን ለሙከራ ካነሳችሁ ግን የሚሸጠው 12 ነው፣ ስለዚህ 108 ብር። ሱቅ ውስጥ ልታስቀምጡ ከሆነ ባለ ሱቁም የሚያገኘው ይፈልጋል። ከሰው እጅ በእጅ የምትሸጡበትና ለሱቅ የምትሰጡበት ዋጋ መጀመሪያውኑ ይለይ።

ከፋብሪካ ሳሙና ጋር በዋጋ ልትወዳደሩ አትሞክሩ። አትችሉም። እነሱ ዘይቱን በቦቴ ነው የሚገዙት።

ለማን ይሸጣል?

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከታችኛው ፎቅ ያሉ እማማ ናቸው። አንድ ሰጠኋቸውና በሳምንቱ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ ሳሙናሽ አረፋው የት አለ?"

"እማማ፣ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ እያሹ ይሞክሩት እስቲ።"

"ጨርቅም ሞክሬያለሁ። ቆዳዬን ግን አላሳከከኝም። አረፋውን ብቻ ጨምሪበት።"

ያኔ ኮኮናቱ 100 ግራም ነበር። ወደ 250 ያሳደግኩት በእሳቸው ቃል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች አትሽጡ፣ ለሚያውቋችሁና ለማያፍሩባችሁ ሰዎች ስጡ። ይሉኝታ የማያውቅ አንድ ጎረቤት ከሃያ "በጣም አሪፍ ነው" ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ለእኔ የሠሩልኝ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የሴቶች ፀጉር ቤት፦ መታጠቢያው ጋ አንድ ክፍት ሳሙና አስቀምጡ፣ አጠገቡ የሚሸጡትን። ሰው እጁን ታጥቦ አሽቶ ይገዛል። የእቁብና የዕድር ቀን፣ ቁርጥራጩን በትንንሹ አድሉ። የእሁድ ገበያና ከበዓል በፊት የሚከፈቱ ባዛሮች፤ ገናና ፋሲካ ሲደርስ ሦስቱን አንድ ላይ አስራችሁ በቀይ ክር። ከሁሉም የሚያዋጣው ግን የክርስትናና የሠርግ ማስታወሻ ነው። ትንንሽ 40 ግራም ሳሙና፣ የሕፃኑ ስም ያለበት ወረቀት፣ አንዴ 100 እና 150 ይታዘዛል። ትዕዛዙ ከሁለት ወር በፊት መሆን እንዳለበት አስረግጣችሁ ተናገሩ፣ ግማሽ ክፍያም ቀድማችሁ በቴሌብር ተቀበሉ። "ቅዳሜ ነው ክርስትናው" ብሎ ማክሰኞ ለሚደውል ሰው ትሕትና ያለው "አይሆንም" አዘጋጁ።

ሱቅ ላይ "ሲሸጥ እከፍላለሁ" የሚል ይበዛል። አምስት ሳሙና ስጡት፣ ሃያ አትስጡት። ዱቤው ሳይዘጋ ሌላ አትጨምሩ። እኔ ለአንድ ሱቅ ሠላሳ ሰጥቼ ሱቁ ራሱ ተዘግቶ አግኝቼዋለሁ።

ፎቶ በጠዋት ብርሃን፣ በረንዳ ላይ፣ ሰፌዱ ላይ እንደተደረደረ አንሱት። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሰው የሚያየው ሳሙናው ሲቆረጥ ነው፣ የአቆራረጡን ቪዲዮ ልቀቁ።

መጠቅለያው ቀላል ይሁን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ የወረቀት ቀበቶ ይበቃል። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ያልበዋል። ወረቀቱ ላይ የገባው ሁሉ፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ቀን፣ የዙሩ ቁጥርና ስልካችሁ ይኑር። "ብጉር ያጠፋል"፣ "ያነጣል"፣ "ችፌ ያድናል" ብላችሁ አትጻፉ። እንደዚያ ካላችሁ መድኃኒት ሸጣችሁ ማለት ነው፣ አይደለም ደግሞ።

ወረቀት ወረቀቱ

ለዘመድ ከመስጠት አልፎ ሥራ ሲሆን ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስንም ስለሚጨምር፣ ቤት ተከራይታችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደሚጠየቅ ከምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ አጣሩ። ለብሎካችሁ ኮሚቴም አስቀድማችሁ ንገሩ። የኮስቲክ እንፋሎት በመስኮት ገብቶባቸው ከሚሰሙ ከእናንተ አፍ ቢሰሙ ይሻላል።

ደብተሩን ላልኳችሁ፦ አንዲት ደንበኛ ደውላ "ሳሙናሽ የቆየ ዘይት ሸተተኝ" አለችኝ። የዙሩን ቁጥር ጠየቅኳት፣ 14 አለች። ደብተሬን ገለጥኩ። 14 ኑግ በ20 በመቶ የሞከርኩበት ነው። ከዚያ ዙር የገዙትን አንድ በአንድ ደወልኩላቸውና ሰባቱን መልሼ ቀየርኩ። የተመለሱት ገላ ላይ አይውሉም እንጂ ቆሻሻ ያነሳሉ፤ ፍቄ በሙቅ ውሃ አሟሟኋቸውና አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የብሎካችን ደረጃ የሚታጠበው በእነሱ ነው።